በሩ ክፍት ነው፣ ቁልፉ ግን ውስጥ ነው

እኛ አገር ትምህርት ሲባል ትልቁ ፍርሃት ያለው በሩ ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ፤ እሱ ከታለፈ ግማሹ መንገድ እንዳለቀ ይቆጠራል። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል ስንቱ ቤት ኀዘን እንደገባ አንረሳውም። በሩን ያለፈው ተማሪ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ኮርስ ብዙ አይጨነቅም። ዲፓርትመንት ይመደባል፣ ሴክሽን ይሰጠዋል፣ የሴሚስተሩ ኮርሶች ተዘርዝረው ይለጠፋሉ። ባቹ አብሮ ይገባል፣ አብሮ ይወጣል። በቃ።

የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ይህንን ነገር ገልብጠውታል። በራቸው ላይ የሚያስፈራ ፈተና የለም። ሃይስኩል የጨረሰ ሰው ማመልከቻ ሞልቶ ይገባል፤ ዕድሜው 18 ይሁን 48 ግድ የሚሰጠው የለም። የመጀመሪያው የመንግሥት ጁኒየር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት በምትባል ከተማ ሲከፈት ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ከቤቱ ርቆ መሄድ ለማይችል ተማሪ የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት እዚያው ሰፈሩ ማድረስ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ1 ሺህ በላይ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አሉ።

ታዲያ በሩ ክፍት ነው ማለት ማጣሪያ የለም ማለት አይደለም። ማጣሪያው ወደ ውስጥ ገብቷል። ከኮርሱ ስም ጎን ባለችው ቁጥርና ከሥሯ በደቃቅ ፊደል በተጻፈችው አንዲት መስመር ውስጥ ተቀምጧል። እሷን ያነበበ በሁለት ሁለት ዓመት ተኩል ይወጣል። ያላነበበ አራት ዓመት ይዞራል።

ኑሮዬ ሜሪላንድ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ወገናችን ስንት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም በቨርጂኒያ በኩል ‹‹ኖቫ›› የምንለው ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታችሁ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ብትቆሙ አማርኛ ሳትሰሙ አትወጡም። ምዝገባ በደረሰ ቁጥር ስልካቸውን ይዘው ወደኔ ብቅ የሚሉ ልጆች አሉ። ‹‹ጋሼ፣ ይሄን ኮርስ ልያዝ ወይስ ያኛውን?›› ነው ጥያቄያቸው። እኔም መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ‹‹ይሄ ኮርስ ሲያልቅ ምን ይከፍትልሻል?›› አብዛኛውን ጊዜ ዝምታ ይሆናል።

አንዷን ላንሣ። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ሌሊት ሌሊት አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፣ ቀን ትማራለች። በሁለት ሴሚስተር 24 ክሬዲት ጨርሳለች፤ ውጤቷም የሚያኮራ ነው። ሶሲዮሎጂ፣ የሥነ ጥበብ መግቢያ፣ ንግግር፣ የጤና አጠባበቅ፣ ሌላም ሌላም። ለነርሲንግ ለማመልከት ስትነሣ ግን የሚያስፈልጓት የባዮሎጂ ኮርሶች አንዳቸውም አልተጀመሩም። እነዚያ ደግሞ አንዱ ከሌላው ኋላ የተሰለፉ ናቸው፣ አንድ ላይ አይወሰዱም። አንድ ዓመት ሙሉ በርትታ ተምራ ወደ ነርሲንግ የቀረበችው ጥቂት ነው። ማንም አልዋሻትም። የወሰደቻቸው ኮርሶች በሙሉ ቀድሞ የሚጠየቅ ነገር ስለሌለባቸው ሲስተሙ ‹‹ግቢ›› አላት፣ ገባች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። ያለ ጥያቄ የሚከፈት ኮርስ መጥፎ አይደለም፤ ጠቅላላ ትምህርት የሚባለውን ክፍል ይሞላል። ግን ወደ ሌላ ክፍል የሚያሻግር ቁልፍ የለውም። እሱን በማንኛውም ሴሚስተር መውሰድ ይቻላል። ቁልፍ ያለበትን ግን በሰዓቱ ካልያዙት ይቀጣል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያን ጨምሮ በብዙ ግዛቶች የኮርስ ቁጥር ባለ ሦስት አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያው አሃዝ ደረጃውን ይናገራል። በ1 የሚጀምሩት የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2 የሚጀምሩት የሁለተኛ ዓመት ናቸው። 300 እና 400 የሚባሉት ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ የሚመጡ ስለሆኑ በአብዛኛው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ አይገኙም።

ከ100 በታች የሆኑትን ግን ዓይናችሁን ከፍታችሁ እዩአቸው። እነዚህ ማጠናከሪያ ኮርሶች ናቸው፤ የሒሳብ፣ የንባብ፣ የጽሑፍ። ክፍያ አላቸው፣ ጊዜ ይወስዳሉ፣ ፈተና አላቸው። አሶሼት ዲግሪ ለማግኘት ከሚያስፈልገው 60 ክሬዲት ግን አንዲቷንም አይሞሉም። ድሮ ብዙ ተማሪ በምደባ ፈተና ተመዝኖ ሁለትና ሦስት የማጠናከሪያ ኮርሶች ይደረደሩለት ነበር፤ እዚያው ላይ ተስፋ ቆርጦ የሚወጣው ጥቂት አልነበረም።

አሁን ነገሩ እየተለወጠ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ ኮሌጆቿ የተማሪውን የሃይስኩል ውጤት አይተው በተቻለ መጠን በቀጥታ ወደ ኮሌጅ ደረጃው ኮርስ እንዲያስገቡት አዝዛለች። ቨርጂኒያም ወደዚያው አቅጣጫ ሄዳለች፤ ተማሪው ዋናውን ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ይይዝና ከጎኑ አንዲት የድጋፍ ክፍል ትጨመርለታለች። ስለዚህ ‹‹ከሥር ጀምር›› ስትባሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ‹‹ዋናውን ኮርስ ከድጋፍ ጋር አብሬ መውሰድ እችላለሁ?›› ይህች ጥያቄ አንድ ሴሚስተር፣ አንዳንዴም ሁለት ታተርፋለች።

ለአዲስ መጤዎች የሚሰጠው እንግሊዝኛ፣ ኢኤስኤል የምንለው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን እንደ ጊዜ ማባከን የሚያዩት አሉ፤ እኔ አልስማማም። የባዮሎጂን መጽሐፍ አንብቦ ለመረዳት የማያስችል እንግሊዝኛ ይዞ ሰንሰለቱ ውስጥ መግባት ቁልፉ ላይ መስበር ነው። ቋንቋው ላይ የሚያልፈው ሴሚስተር በኋላ ይመለሳል።

ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ቁጥር ባለ አራት አሃዝ ነው፣ ነገሩ ሲገባችሁ ግን ከሁሉም ይቀላል። ዳላስ ኮሌጅ ኢንግሊሽ 1301 ካለ፣ የመጀመሪያዋ 1 የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ መሆኑን፣ ቀጥላ ያለችው 3 ደግሞ ሦስት ክሬዲት መሆኑን ትነግራችኋለች። ማት 2413 ካለ የሁለተኛ ዓመት፣ አራት ክሬዲት ማለት ነው። በ0 የሚጀምር ካያችሁ ማጠናከሪያ ነው።

ወንዝ ሲሻገሩ ቁጥሩ ይለወጣል

አንድ ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። ሜሪላንድ ያለ ልጅ ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛውን በስልክ ይጠይቅና ‹‹150ን ውሰድ›› ይባላል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ባዮሎጂ 150 የባዮሎጂ መሠረታዊ መግቢያ ነው። ፖቶማክን ተሻግራችሁ ኖቫ ስትደርሱ ባዮሎጂ 150 ማይክሮባዮሎጂ ይሆናል። ቁጥሩ አንድ፣ ወንዙ አንድ፣ ትምህርቱ ግን ሌላ!

በሌላ በኩል ደግሞ ትምህርቱ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ይራራቃል። የመጀመሪያውን ካልኩለስ ውሰዱ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ 181 ይለዋል። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች 263 ነው። ቴክሳስ ላይ ቅድም ያነሣነው 2413 ነው። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ስትገቡ 140፣ ጆርጅ ሜሰን ስትገቡ 113 ይሆናል። ሁሉም ያው ካልኩለስ ነው። ስለዚህ ‹‹የኔ 263 ነው፣ ያንተ 181 ነው፣ የኔ ይበልጣል›› የሚለው ጨዋታ ትርጉም የለውም። ቁጥር የሚናገረው እዚያው ኮሌጅ ወይም እዚያው ግዛት ውስጥ ብቻ ነው። የቨርጂኒያ 23 ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች በአንድ ሥርዓት ሥር ስለሆኑ ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሪችመንድ ብትዛወሩ ችግር የለም። ግዛት ስትቀይሩ ግን የኮርሱን ስምና ዝርዝር አንብቡ እንጂ ቁጥሩን አትመኑ።

ቁልፏ ያለችባት መስመር

ከእያንዳንዱ ኮርስ ማብራሪያ ሥር ‹‹ፕሪሪኩዚት›› የምትል ቃል አለች። ቅድመ ሁኔታ ማለት ነው፤ ይህንን ኮርስ ለመውሰድ ምን ቀድሞ መጨረስ እንዳለበት ትናገራለች። አጠገቧ ‹‹ኮሪኩዚት›› የምትል ካለች አብሮ፣ በዚያው ሴሚስተር መወሰድ ያለበት ማለት ነው። ‹‹ይመከራል›› ብቻ የሚል ከሆነ ሲስተሙ አይከለክላችሁም፣ ምክሩን ግን የሰጡት በነፃ አይደለም፤ ያለሱ የገባው ተማሪ ሲወድቅ አይተው ነው።

ይህችን መስመር ስታነቡ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ‹‹እና›› እና ‹‹ወይም››ን ለዩ። ‹‹ይህ ኮርስ እና ያ ኮርስ›› ካለ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ‹‹ወይም›› ካለ አንዱ ይበቃል። በስልክ ስክሪን ላይ በጥድፊያ ሲነበብ ይህች ቃል ትታለፋለች፤ ስንቱ ተማሪ ‹‹ወይም›› የሚለውን ሳያይ የማያስፈልገውን ኮርስ ጨምሮ ወስዷል።

ሁለተኛ፣ ውጤቱን እዩ። ብዙ ኮርሶች ቀዳሚው ኮርስ ቢያንስ በ‹‹ሲ›› መታለፍ አለበት ይላሉ። ‹‹ዲ›› ያመጣ ሰው ክሬዲቱ ሊያዝለት ይችላል፣ ቀጣዩ በር ግን አይከፈትለትም። ኮርሱን አልፎ መንገዱን መዝጋት የሚባለው ይህ ነው። በነርሲንግና በመሰል የጤና ፕሮግራሞች ላይማ ‹‹ሲ››ም አይበቃ ይሆናል፤ ለውድድር ስለሚቀርብ ነጥቡ ከፍ ማለት አለበት።

ሦስተኛ፣ ሲስተሙ አሁን እየተማራችሁ ያላችሁትን ኮርስ እንደሚያልፍ ቆጥሮ ለቀጣዩ ይመዘግባችሁ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ካላለፋችሁ ግን ከቀጣዩ ክፍል ስማችሁ ይሰረዛል። የዚያን ጊዜ ሌላው ክፍል ሁሉ ሞልቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ፍርሃት ካለ አማራጭ ኮርስ አስቀድሞ ማሰብ ነው።

የሰንሰለቱ ርዝመት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው ዲግሪውን የሚቆጥረው በክሬዲት ነው። 60 ክሬዲት፣ በሴሚስተር 15፣ አራት ሴሚስተር፣ ሁለት ዓመት። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ሕይወቱ ግን እንዲህ አይደለም። መቼ እንደምትጨርሱ የሚወስነው የክሬዲቱ ብዛት ሳይሆን የረጅሙ ሰንሰለት ርዝመት ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንጂነሪንግ ጀምሮ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መዛወር የሚፈልግ ልጅ አለ እንበል። ሒሳቡ የሚጀምረው ከፕሪካልኩለስ ነው። ማት 161፣ ከዚያ 162፣ ከዚያ ካልኩለስ 263፣ ከዚያ 264፣ ከዚያ 265። ክሬዲታቸው ሲደመር 3፣ 3፣ 4፣ 4፣ 4 ነው፤ በጠቅላላው 18። አሥራ ስምንት ክሬዲት ምን አላት? አንድ ሴሚስተር ከምናምን አይደለች? ግን አንዱ ከሌላው በፊት ስለማይገባ አምስት ሴሚስተር ትፈጃለች! የቀረውን ሁሉ በአንድ ዓመት ቢጨርሰው እንኳ ሒሳቡን መጠበቁ አይቀርም። ካልኩለስ ላይ ካልደረሰ ደግሞ ለኢንጂነሪንግ የሚሆነው ፊዚክስ አይከፈትም። አንዱ ሰንሰለት ሌላውን ይጎትታል።

መፍትሔ አለ ወይ? አለ። ማት 167 የሚባል ባለ አምስት ክሬዲት ኮርስ 161ንና 162ን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይሰጣል። ከበድ ይላል፣ ግን አንድ ሴሚስተር ይቆርጣል። ሰመር ላይ አንዱን መውሰድ ሌላ ሴሚስተር ይቆርጣል። ይህንን ግን የሚያገኘው አስቀድሞ ሰንሰለቱን የቆጠረ ነው።

ነርሲንግም እንዲሁ ነው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ባዮሎጂ 150 ሳይታለፍ የሰው አካል አሠራርን የሚያስተምረው 212 አይያዝም፤ 212 ሳይታለፍ 213 አይያዝም። እያንዳንዳቸው ባለ አራት ክሬዲት፣ ላብራቶሪ ያላቸው ናቸው። ቅድም ያነሣኋት ልጅ ባዮሎጂን በመጀመሪያው ሴሚስተር ይዛ ሶሲዮሎጂውን ከጎኑ አድርጋ ቢሆን ኖሮ ያው ድካም ሌላ ቦታ ያደርሳት ነበር። በብዙ የነርሲንግ ፕሮግራሞች ደግሞ የሳይንስ ኮርሶች የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ከተወሰኑ ዓመታት በፊት የተወሰደ ባዮሎጂ ‹‹አርጅቷል›› ይባላል። ስለዚህ ሳይንሱን ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ማቋረጥም ዋጋ አለው።

‹‹ሒሳቡን መጨረሻ ላይ እገላገለዋለሁ›› የሚል ልጅ ሲያጋጥመኝ ደንገጥ እላለሁ። የምንፈራው ኮርስ ብዙውን ጊዜ ሰንሰለቱን የሚጀምረው ኮርስ ነው። የምንፈራውን ማስቀደም፣ የምንወደውን ለማረፊያ ማስቀመጥ። ነገሩ ይኸው ነው።

ካታሎግ ላይ አለ፣ ስኬጁል ላይ የለም

ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር ካታሎግና የክፍል ስኬጁል መደባለቅ ነው። ካታሎግ የምግብ ቤት ሜኑ ማለት ነው፤ ቤቱ የሚያውቀውን ሁሉ ይዘረዝራል። ስኬጁል ደግሞ ዛሬ የተሠራው ነው። ሜኑ ላይ ዶሮ አለ ማለት ዛሬ ዶሮ አለ ማለት አይደለም።

አንዳንድ ኮርሶች በፎል ብቻ፣ አንዳንዶቹ በስፕሪንግ ብቻ ይሰጣሉ፤ በተለይ የሁለተኛ ዓመት ኮርሶች። የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ስፕሪንግ ላይ ብቻ የሚሰጥ ከሆነና ካመለጣችሁ የጠፋው አንድ ሴሚስተር ሳይሆን አንድ ዓመት ነው። በቂ ተማሪ ያልተመዘገበበት ክፍልም ትምህርት ሊጀመር ሲል ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ለቁልፍ ኮርሶች ምዝገባ በተከፈተ ቀን መግባት እንጂ ‹‹ደመወዝ ሲገባ›› ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ ብዙ ኮሌጆች ለክፍያው የኋላ ቀን ወይም በየወሩ መክፈያ ዕቅድ አላቸው።

ካምፓሱንም እዩ። ኖቫ አናንዴል፣ አሌክሳንድሪያ፣ ውድብሪጅ፣ ማናሰስና ላውደን ካምፓሶች አሉት፤ የጤና ትምህርቶቹ ማዕከል ግን ስፕሪንግፊልድ ነው። የሞንትጎመሪ ኮሌጅ የጤና ሳይንስ ደግሞ ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ላይ ነው። ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ለሚማር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ኦንላይን ሲባልም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በተወሰነ ሰዓት በቪዲዮ ተገኝተው የሚከታተሉት፣ ሌላው በራስ ሰዓት የሚሠሩት። ኡበር የሚነዳ ልጅ የመጀመሪያውን ይዞ መንገድ ላይ ስልኩን ከፍቶ ሲታገል አይቻለሁ። ከመመዝገብ በፊት የሰዓቱን ሳጥን ማየት ነው።

እዚያው ኮሌጅ ውስጥ ክሬዲት የሌላቸው ትምህርቶችም አሉ። ለሥራ የሚያበቁ አጫጭር ሥልጠናዎች ናቸው፣ ጥቅማቸው ትልቅ ነው። ግን በዲግሪ አይቆጠሩም። ‹‹ኮሌጅ ተመዝግቤያለሁ›› ብሎ ዓመት የቆየ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ግን አንድም ክሬዲት የሌለው ሰው አለ።

ዲግሪውም ዓይነት አለው። ‹‹አሶሼት ኦፍ አርትስ›› እና ‹‹አሶሼት ኦፍ ሳይንስ›› የተዘጋጁት ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ነው። ‹‹አፕላይድ›› የምትል ቃል የተጨመረበት ግን በቀጥታ ወደ ሥራ ለመግባት ነው፤ ከክሬዲቶቹ ብዙው ላይዛወር ይችላል። የትኛው ይሻላል ሳይሆን የትኛው የእኔ ነው ነው ጥያቄው።

ገንዘቡስ?

የፌዴራል መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ተማሪዎች የሚሰጠው ፔል ግራንት ለ2025-26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ግሪን ካርድ ያላቸውም ማመልከት ይችላሉ። የማይመለስ ገንዘብ ነው፣ ግን ሦስት አጥር አለው።

አንደኛው፣ ገንዘቡ የሚከፍለው ለያዛችሁት ፕሮግራም ለሚቆጠሩ ኮርሶች ነው። ከፕሮግራሙ ውጭ የሆነ ኮርስ ስትጨምሩ ‹‹ፉል ታይም ነኝ›› ብትሉም ፋይናንሻል ኤድ ቢሮው ያንን ላይቆጥረው ይችላል። ሁለተኛው፣ ፔል በሕይወት ዘመን ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ያለ ዕቅድ ስምንቱን የጨረሰ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ፣ ክፍያው በጨመረበት ሰዓት፣ የቀረው አራት ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ ዕርዳታው እንዲቀጥል ፕሮግራሙ ከሚጠይቀው ክሬዲት አንድ ጊዜ ተኩል ሳያልፉ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ለ60 ክሬዲት ዲግሪ የተሞከረው ከ90 መብለጥ የለበትም። ‹‹የተሞከረ›› የሚለው ውስጥ የወደቃችሁበትም፣ መሃል ላይ ትታችሁ የወጣችሁትም ይቆጠራል።

አያችሁ? የኮርስ ቁጥር ማንበብ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁትን አትጣሉ

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ገብተው አንድም ሁለትም ዓመት የተማሩ፣ እንዲያውም ዲግሪ ይዘው የመጡ፣ እዚህ ሲደርሱ ከዜሮ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ‹‹የኢትዮጵያ አይቆጠርም›› የሚለው ወሬ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ትራንስክሪፕቱን ዕውቅና ባለው የውጭ ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ኮርስ በኮርስ አስገምግሞ ማቅረብ ይቻላል። የተማራችሁት ካልኩለስ ወይም ኬሚስትሪ ከተቆጠረላችሁ ሰንሰለቱን ከመሃል ትጀምራላችሁ። ክሬዲቱ ባይያዝ እንኳ ቅድመ ሁኔታውን ለማሟላት ሊረዳ ይችላል፤ ዲፓርትመንቱን መጠየቅ ነው። ስለዚህ ለመምጣት የተዘጋጃችሁ ልጆች፣ ልብስና በርበሬ ከመጠቅለላችሁ በፊት ኦፊሻል ትራንስክሪፕታችሁን አውጡ። የኮርስ ማብራሪያውንም ካገኛችሁ ያዙ። ከዚህ ሆኖ በዘመድ ሬጂስትራር ማስጠየቅ ምን ያህል እንደሚያደክም የቀመሰ ያውቀዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አንብቡ። መድረስ የምትፈልጉትን ፕሮግራም ገጽ ክፈቱ። መጨረሻ ላይ ያለውን ኮርስ ውሰዱና ቅድመ ሁኔታውን ጻፉ። የዚያንም ቅድመ ሁኔታ ጻፉ። ዛሬ መያዝ የምትችሉት ኮርስ ላይ እስክትደርሱ ቀጥሉ። ስልክ ላይ አታድርጉት፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሻላል፣ ሰንሰለቱ በዓይን ይታያል። ረጅሙን አግኙ። እሱን ዘንድሮ ጀምሩ። ቀሪውን ዙሪያውን ሙሉበት።

ለመዛወር የምታስቡ ደግሞ የምትገቡበት ዩኒቨርሲቲ የትኛውን ኮርስ በየትኛው እንደሚቀበል አስቀድማችሁ እዩ። ሜሪላንድ ‹‹አርትሲስ››፣ ቨርጂኒያ ‹‹ትራንስፈር ቨርጂኒያ››፣ ካሊፎርኒያ ‹‹አሲስት›› የሚባሉ ነፃ መፈለጊያዎች አሏቸው። የኮርሱን ቁጥር ታስገባላችሁ፣ እዚያ ማዶ ምን እንደሚሆን ይነግራችኋል።

ከዚያ ወረቀታችሁን ይዛችሁ አድቫይዘር ዘንድ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን ‹‹ምን ልውሰድ?›› ካላችሁ ክፍት የሆነውን ነገር ትይዛላችሁ። ወረቀት ይዛችሁ ‹‹ይህ መንገድ ልክ ነው ወይ?›› ስትሉ ሌላ ወሬ ይሆናል። የተነገራችሁንም በኢሜይል አረጋግጡ፤ በቃል የተባለ ነገር ሬጂስትራር ዘንድ ዋጋ የለውም።

ለቤተሰብም አንድ ነገር ልበል። ልጃችን ኮሌጅ ገባች ብለን ደስ ይለናል፣ ይገባል። እኛ የበሩ አገር ሰዎች ስለሆንን ግን ከገባች በኋላ መጠየቅ እናቆማለን። በሚቀጥለው እሁድ ቡና ላይ ‹‹ትምህርት እንዴት ነው?›› ብላችሁ ‹‹ጥሩ ነው›› የሚል መልስ ከምትቀበሉ፣ ‹‹ዘንድሮ የያዝሽው ኮርስ ለከርሞ የትኛውን ይከፍትልሻል?›› በሏት። መልስ ካላት መንገድ ላይ ናት። ከሌላት ወረቀት አምጡና አብራችሁ ተቀመጡ፤ የሚቀጥለው ምዝገባ ገና አልተከፈተም።

ቸር እንሰንብት።